መርዝ የሚይዘው ቃጫ ቦታው ወጥ ቤት አይደለም

ዛሬ የማወጋዎት ስለ ውሃ ነው። ስለ ተቅማጥና ስለ ታይፎይድ ግን አይደለም። ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል፤ ውሃን አፍልቶ መጠጣትንም ሆነ ውሃ አጋር መጨመርን እርስዎ በሚገባ ያውቃሉ። የዛሬው ጉዳዬ ሲያፈሉት የማይሞት፣ ክሎሪን ሲጨምሩበት የማይጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ በዓይን የማይታይና በምላስ የማይለይ ነገር ነው።

እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት እናት ናት። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከአንዷ ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ሳለ የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ክሊኒክ ገባች። ልጁ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ከፍቶ ሲያሳየኝ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ ላይ እንደ ኖራ የነጡ ነጠብጣቦችና ቡናማ መስመሮች አየሁ። «ዶክተር፣ ጥርሱን አይፍቅም እያሉ ይስቁበታል። እኔ ግን ጠዋትና ማታ ቆሜ ነው የማስፍቀው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ቢፋቅም አይለቅም። ጥርሱ ገና ከድዱ ሥር ሳለ፣ ልጁ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ከመጠን በላይ የነበረው ፍሎራይድ ያሳረፈበት ምልክት ነው።

ይህን ስነግራት አልደነገጠችም። በከተማዋ የተለመደ ነገር ነው። ይልቁንም ከዘንቢሏ ውስጥ ታችዋ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አወጣች። ከላይ ቃጫ ታጭቋል፤ ከቃጫው ሥር የተሰባበረ ከሰል፣ ከከሰሉ ሥር አሸዋ አለ። «ለትንሹ እንኳ አሁን ስጋት የለብኝም። የባለቤቴ ወንድም ይህን ሠርቶልናል። ቃጫውን በሎሚ ዘፍዝፎ ነው ያዘጋጀው። ከዕፅዋት የሚሠራ ማጣሪያ የውሃ መርዝ ይይዛል ሲባል በስልኩ አይቶ ነው» አለች።

ትንሹ የ8 ወር ሕፃን ነው። ቀድሞ ለእሱ መጠጥና ገንፎ የሚሆነውን ውሃ ከሌላ ቦታ በጋሪ ከሚያመጡ ሰዎች ትገዛ ነበር። ጠርሙሱ ከተሠራ ወዲህ ግን ያን ወጪ ትታ የሠፈሩን የጉድጓድ ውሃ በቃጫው እያሳለፈች ትሰጠዋለች። እሷ ያልደነገጠችውን እኔ የደነገጥሁት እዚህ ላይ ነው። ወደ አገሯ ስትመለስ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ በሁለት ንጹሕ ዕቃ አድርጋ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ላከች፤ ወደ ውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ወሰድሁት። በፍሎራይዱ መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

የባለቤቷ ወንድም ግን ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። በቅንነት የሠራ ሰው ስለሆነም መንቀፍ አልፈልግም። በኬሚካል የታከመ የዕፅዋት ቃጫ ከውሃ ውስጥ መርዛማ ነገር ለቅሞ እንደሚይዝ በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት የተጠና ሐቅ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የቡና ገለባና የጤፍ ጭድ ሳይቀር ለዚህ ሥራ ተፈትሸዋል። ችግሩ ያለው «መርዝ» በሚለው ቃል ላይ ነው። መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚይዝ ቃጫ ሌላውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

እስቲ ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስረዳዎት። የእንሰት ቃጫ ይሁን የቡና ገለባ፣ ጭድ ይሁን የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፣ በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ከሚባሉ ነገሮች ነው። በእነዚህ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩባቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ጫፎች አሉ። እንደ ልብስ መስቀያ ይቁጠሯቸው። በተፈጥሯቸውም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ብረት ይይዛሉ። ኬሚስቶች የሚያደርጉት መስቀያዎቹን ማብዛትና ዓይነታቸውን መለወጥ ነው። ለምሳሌ ቃጫው በሲትሪክ አሲድ ተነክሮ ከፍ ባለ ሙቀት በምድጃ ውስጥ ሲቆይ፣ አሲዱ ከሴሉሎሱ ጋር በጽኑ ይተሳሰርና ካርቦክሲል የሚባሉ አዳዲስ ጫፎች ያበቅላል። እነዚህ በውሃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ስለዚህ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ ይስባሉ። በቃጫው ላይ ሰልፈር ያለበት ጫፍ ከተተከለ ሜርኩሪን አጥብቆ ይይዛል። አሚን በሚባሉ ናይትሮጅን ያላቸው ኬሚካሎች ከታከመ ደግሞ ቃጫው ራሱ ፖዘቲቭ ይሆንና ኔጋቲቭ የሆኑትን፣ እንደ ክሮሜትና አርሴኔት ያሉትን ይጠራል።

ፍሎራይድም ኔጋቲቭ ነው። በሎሚ አሲድ የታከመ ቃጫም ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ እንደ ማግኔት ተመሳሳይ ጫፎች ይገፋፋሉ እንጂ አይሳሳቡም። ያ ጠርሙስ በደንብ ስላልተሠራ ሳይሆን፣ በደንብ ቢሠራም ፍሎራይድ መያዝ አይችልም ነበር። በተጨማሪም ቃጫን በሎሚ ጭማቂ መዘፍዘፍ ብቻውን ኬሚካላዊ ሕክምና አይደለም፤ ሙቀቱ ካልተጨመረበት አሲዱ አይተሳሰርም፣ በመጀመሪያው ጀሪካን ውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ቃጫ ፍሎራይድን እንዲይዝ ከተፈለገ እንደ አሉሚኒየም፣ ዚርኮኒየም ወይም ላንታነም ያለ ብረት ሊሸከም ይገባዋል። ይህ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ያመጣል፤ የተሸከመው አሉሚኒየም ወደ ውሃው ተመልሶ እንደማይፈስ ማን ለክቶ ያረጋግጥልናል?

ፍሎራይድ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ ልንገርዎት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥፋቱ የማንም ፋብሪካ አይደለም፤ ውሃው ከእሳተ ገሞራ በተገኘው ዐለት ውስጥ ሲመላለስ ከዐለቱ ሟሙቶ የሚቀላቀል ነው። ብዙ ጊዜም ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፈረው ከወንዝና ከኩሬ ተሕዋስያን ለመሸሽ ነው። ከተቅማጥ ያመለጠው ሕፃን ሳናውቅ ለሌላ ነገር ይጋለጣል። ጥርስ ላይ የሚታየው ምልክት የመጀመሪያው ነው። መጠኑ ከፍ ያለ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ላይ ግን ፍሎራይዱ በአጥንት ውስጥ እየተከማቸ ጅማቱን ያጠነክራል፤ አንገትና ወገብ ይገትራል፤ ሲብስም የጀርባ አጥንቱ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖ እግርን ያሰንፋል።

ይህን ሳስብ ወንጂ ትዝ ይለኛል። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። በእርሻው ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጀርባቸው እየጎበጠ፣ አንዳንዶቹም መራመድ እያቃታቸው መምጣታቸውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔት መዝግበዋል። በዚያው ሥፍራ ባጋስ የሚሉት የአገዳ ምጣጭ በክምር በክምር ይወጣል፤ አብዛኛው ለፋብሪካው እንፋሎት ማገዶ ይሆናል። በዓለም ላይ ውሃን ለማጣራት ብዙ ጥናት ከተደረገባቸው የዕፅዋት ጭረቶች አንዱ ይኸው ባጋስ ነው። ሠራተኛው በውሃው እየታመመ፣ ምናልባት ሊረዳው ይችል የነበረው ነገር በአጠገቡ ሲነድ ኖረ ብዬ አንዳንዴ እቆጫለሁ። ቁጭቱ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ባጋስ እንዳለ፣ ሳይታከም፣ ለፍሎራይድ ከቶ አይረባም።

አሁን ደግሞ ትክክለኛው ቃጫ ለትክክለኛው መርዝ ተገኘ እንበል። በሲትሪክ አሲድ በሚገባ የታከመ ቃጫ አግኝተው እርሳስ ያለበትን ውሃ ያሳልፉበታል። ይሠራል? አዎ፣ ይሠራል፤ እስኪሞላ ድረስ። ሚኒባስ ታክሲን ያስቡ። ወንበሩ 12 ከሆነ 13ኛው ሰው በሩ ላይ ይቀራል። የቃጫውም መስቀያዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ሲሞሉ ውሃው እንደ በፊቱ ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ እርሳሱ ግን አብሮት ይወርዳል። ቀለሙ አይለወጥ፣ ጣዕሙ አይለወጥ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። የውሃው አሲድነት ከተለወጠ ወይም ቃጫውን አጥብቆ የሚፈልግ ሌላ ነገር ከመጣ፣ ቀድሞ ተይዞ የነበረው ሊለቀቅ ይችላል። ተመራማሪዎች ቃጫውን አጥበው ዳግም ለመጠቀም የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ በአሲድ ያጥቡታል፣ የያዘውን ይተፋል። በላቦራቶሪ ጥሩ ዜና የሆነው ነገር በሕፃን ጡጦ ውስጥ ጥሩ ዜና አይደለም።

በጥናት ወረቀቶች ላይ የምናነበው ቁጥርም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚጀምሩት በንጹሕ ውሃ ላይ አንድ መርዝ ብቻ በመጨመር ነው። የእውነተኛ ጉድጓድ ውሃ ግን ካልሲየሙም፣ ማግኒዚየሙም፣ ባይካርቦኔቱም አለበት፤ ሁሉም ለዚያችው ወንበር ይጋፋሉ። «98 በመቶ አስወገደ» የሚለውንም ይመልከቱት። አንድ ፍሳሽ በሊትር 100 ሚሊግራም ክሮሚየም ቢኖርበትና 98 በመቶው ቢወገድ የሚቀረው 2 ሚሊግራም ነው። ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው መጠን በሊትር 0.05 ሚሊግራም ስለሆነ፣ የቀረው ከሚፈቀደው 40 እጥፍ ነው። ለፋብሪካ ፍሳሽ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለመጠጥ ግን ገና መርዝ ነው። እኔ እንደ ሐኪም ስንት በመቶ እንደተወገደ ሳይሆን ስንት እንደቀረ ነው የሚነገረኝ የምፈልገው።

ሌላው ነገር የእኛ የሐኪሞች የድሮ ጠላት ነው። እርጥብ ቃጫ በሞቃት ቦታ ሲቀመጥ ለባክቴሪያ ምቹ ቤት ነው። ኬሚካሉን ልሽሽ ብሎ የሠራው ማጣሪያ ሕፃኑን ለተቅማጥ ይዳርገዋል። ያገለገለው ቃጫስ የት ይጣላል? በውስጡ እርሳስ ወይም ካድሚየም ተከማችቶበታል። ጓሮ ቢጥሉት ጎመኑ ሥር ይገባል፤ ምጣድ ሥር ቢያነዱት የእርሳሱ ብናኝ በጭሱ፣ የቀረውም በአመዱ ይመለሳል።

እንግዲህ የእኔን አስተያየት በግልጽ ላስቀምጥ። ይህ ቴክኖሎጂ ለአገራችን የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ባህላችንም አይቃወመውም። በስምጥ ሸለቆ መንደሮች የተሞከረውን የአጥንት ከሰል ያስታውሱ። የተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይድን በሚገባ ይይዛል፤ ነገር ግን «የምን እንስሳ አጥንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የጤፍ ጭድን ወይም የቡና ገለባን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ የታከመ ቃጫ መጀመሪያ መግባት ያለበት ወደ ወጥ ቤታችን ሳይሆን ወደ ፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦና ወደ ውሃ ጣቢያው ነው።

ቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚለፋበትን ክሮሚየም ሁሉ አይጠጣውም፤ ሲሶ ያህሉ ከውሃው ጋር ይወጣል። በሞጆም ሆነ በአዲስ አበባ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ አቃቂም አባ ሳሙኤልን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል። ለማልፊያ የሚጠቀሙበት ክሮሚየም 3 የሚባለው ሲሆን ጉዳቱ መለስተኛ ነው፤ ወደ ክሮሚየም 6 ከተለወጠ ግን ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የተመደበ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቃጫ ትልቅ ጥቅም አለው። አብዛኛው ክሮሚየም በኖራ ወይም በመሰል ነገር እንዲዘቅጥ ከተደረገ በኋላ ከዚያ ያመለጠውን ይለቅማል። የሚገርመው ደግሞ አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ ራሱ ለክሮሚየም 6 ኤሌክትሮን እየሰጠ ወደ ክሮሚየም 3 ይመልሰዋል። በፋብሪካ ውስጥ የሚለካ ሰው አለ፣ ቃጫው መሙላቱን የሚያውቅ ባለሙያ አለ፣ ያገለገለውም ቃጫ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በአግባቡ ሊወገድ ወይም ክሮሚየሙ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። በአንዲት እናት ወጥ ቤት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ደግሞም ፍትሕ ነው። ውሃውን ያቆሸሸው አካል ማጽዳት ሲገባው፣ ከታች ያለው ቤተሰብ በገዛ ገንዘቡ ማጣሪያ እንዲገዛ ማድረግ የሸክሙን አቅጣጫ ማዞር ነው። ፍሎራይድን በተመለከተ የሚከሰስ ሰው የለም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የውሃ አገልግሎቱ ነው። ማጣሪያው በቦኖው ወይም በጉድጓዱ አፍ ላይ ቢተከል፣ በወር በወሩ የሚለካና የሚቀይር አንድ የሠለጠነ ሰው ቢመደብ፣ ከ500 ጠርሙስ ይሻላል። እስከዚያው አንድ ሰው «ከዕፅዋት የተሠራ ተአምረኛ ማጣሪያ» ይዞ ቤትዎ ቢመጣ፣ የትኛውን መርዝ፣ በየትኛው ጉድጓድ ውሃ፣ ከስንት ወደ ስንት እንዳወረደ በላቦራቶሪ ወረቀት ያሳይዎት። ስንት ሊትር ካጣራ በኋላ እንደሚያልቅ፣ ማለቁን በምን እንደሚያውቁ፣ ያገለገለውንም ማን እንደሚረከብዎ ይጠይቁት። «ሁሉንም ያጣራል» ካለዎት በትሕትና ይሸኙት።

አንዳንድ አንባቢዎች በሽፈራው ፍሬስ ብለው እንደሚጠይቁኝ እገምታለሁ። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት የደፈረሰ ውሃን ያጠራል፣ ጭቃውን አሰባስቦ ያዘቅጣል፤ በዚህ ጎበዝ ነው። የጠራው ውሃ ከተሕዋስያን ለመጽዳት አሁንም መፍላት ወይም ክሎሪን ያስፈልገዋል። የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ ለማስወገድ ግን አይመኩበት።

እርስዎ ዛሬ ምን ያድርጉ? የሚኖሩት በስምጥ ሸለቆ ከሆነ የሚጠጡት ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት እንደሆነ የአካባቢዎን ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ሰዎች ሲጠይቁ ነው ወረቀቱ ከመሳቢያ የሚወጣው። መጠኑ ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ ውሃውን ሁሉ መቀየር አያስፈልግዎትም። ገላ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤት መወልወል በፍሎራይድ ውሃ ጉዳት የለውም። መለየት ያለበት የሚጠጣውና ምግብ የሚበስልበት ነው፤ እሱም ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ያም ቢሆን ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያው ለሕፃናትና እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ይሁን። የቋሚ ጥርሶቻቸው ሽፋን የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

የሚያጠቡ እናት ከሆኑ ደስ የሚል ዜና አለኝ። እርስዎ የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ ወደ ጡት ወተትዎ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመት ማጥባት ለልጅዎ ከየትኛውም ቃጫ የሚበልጥ ማጣሪያ ነው። በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ግን ወተቱ በሚበጠበጥበት ውሃ አማካይነት ብዙ ፍሎራይድ ስለሚያገኝ ውሃው የግድ ይታሰብበት።

የክረምት ውሃን አይናቁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጣሪያውን እንዲያጥቡ ይተዉአቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ክዳን ባለው ንጹሕ በርሜል ይያዙ፣ ሲጠጡትም አፍልተው ወይም ክሎሪን ጨምረው ይሁን። ማፍላትን ያነሣሁት ለተሕዋስያን እንደሆነ ልብ ይበሉ። የጉድጓዱን ውሃ ረጅም ሰዓት ቢያንተከትኩት ፍሎራይዱ አይተንም፤ ውሃው እየተነነ የቀረው እንዲያውም ይጠነክራል። ሻይ ቅጠልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ አለው፤ ስለዚህ በነዚህ አካባቢዎች ለትንንሽ ልጆች ወፍራም ሻይ ባይሰጥ ይመረጣል። አቅም ካለ ወተት ይጠጡ፤ ካልሲየሙ አንጀት የሚቀበለውን ፍሎራይድ በመጠኑ ይቀንሳል። የጥርስ ሳሙና ሲጠቀሙ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ እንዳይውጣትም ያስተምሩት።

ጥርሱ የበለዘ ልጅ ካለዎት በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በከሰል አይፈግፍጉበት፤ የቀረውን ሽፋን ይጎዱበታል። የጥርስ ሐኪም ቀለሙን ሊያለዝብ ወይም ሊሸፍንለት ይችላል። ለብዙ ዓመታት በአካባቢው ኖረው አንገትዎ አልዞር፣ ወገብዎ አልታጠፍ ካለ ደግሞ «እርጅና ነው» ብለው አይተዉት፤ ለሐኪምዎ ከየትኛው ጉድጓድ ሲጠጡ እንደኖሩ ይንገሩት። እኛ ሐኪሞችም ይህን ጥያቄ መጠየቅ እየረሳን ነው፤ ራሴንም ጨምሬ ነው የምወቅሰው።

የአዲስ አበባ አንባቢዬ «ይህ እኔን አይመለከትም» እንዳይሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከቆሸሸ ወንዝ ዳር የለማ ሰላጣና ቆስጣ በደንብ ሲታጠብ ጭቃውና ተሕዋሱ ይቀንሳል። በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ካድሚየም ወይም እርሳስ ግን እጥበት አያወጣውም። አትክልት መብላትዎን አያቁሙ፤ የት እንደለማ ይጠይቁ፣ ሁልጊዜም ከአንድ ቦታ አይግዙ። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ጉዳቱ ደርሶ ከማከም ይልቅ ፍሳሹ ከምንጩ እንዲጣራ መጮኽን መርጫለሁ።

ያቺን እናት የላቦራቶሪውን ውጤት ለመንገር ደወልኩላት። ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ጠርሙሱን ልጣለው?» አለችኝ። «አዎ እህቴ፣ ጣዪው፤ ለትንሹ የጋሪውን ውሃ መልሰሽ ግዢ፣ ጡቱንም አታቋርጪ» አልኋት። የባለቤቷ ወንድም ስልኩን ተቀብሎ ስለ ቻርጁ ጉዳይ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ አሸንዳ ገጥሞ፣ ከሥሩ ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል አስቀምጧል። ክረምቱ ሳይገባ ጨርሶታል።